የጦርነት ዕዳ በ15 ፕፌኒግ ሲሰረዝ

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ጀርመን ውስጥ ስለደረሰው የገንዘብ ውድቀት ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወራው ገንዘቡን በጋሪ ጭኖ ዳቦ ሊገዛ ስለወጣው ሰው ነው። ወሬው መሠረት አለው፤ ይሁን እንጂ ዋናውን ጥያቄ ይሸፍንብናል። ለመሆኑ በዚያ ሁሉ ትርምስ የከሰረው ማን ነበር? ያተረፈውስ? (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጠነሰሰው በ1914 ነው። ጦርነቱ እንደፈነዳ መንግሥት ማርክን በወርቅ መመንዘር አቆመ፤ ወጪውንም በግብር ከመሸፈን ይልቅ ከገዛ ሕዝቡ መበደርን መረጠ። በዘጠኝ ዙር የጦርነት ቦንድ ተሸጠ። መምህሩ፣ ጡረተኛው፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ትንሹ ነጋዴ ጥሪታቸውን ሰጡ። ከመንግሥት የበለጠ የታመነ ተበዳሪ የለም ብለው ነበርና። የመንግሥት ዕቅድ ደግሞ ድል ሲገኝ ዕዳውን በተሸናፊው ጫንቃ ላይ መጣል ነበር።

ድሉ ግን አልመጣም። ኖቬምበር 9 ቀን 1918 የንጉሠ ነገሥቱ የዊልሄልም 2ኛ ከዙፋን መውረድ ተነገረ፤ ሪፐብሊክም ታወጀ። አዲሱ መንግሥት የወረሰው ዕዳን፣ የጦር ጉዳተኞችንና የሙት ልጆችን ነበር። በ1921 ደግሞ 132 ቢሊዮን የወርቅ ማርክ ካሣ ተጣለበት። ሸክሙን በግብር ለማቃለል የሞከሩት የቀድሞው የገንዘብ ሚኒስትር ማትያስ ኤርዝበርገር በ1921፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዋልተር ራተናው በ1922 በቀኝ አክራሪዎች ጥይት ወደቁ። ግብር መጣል ለሚፈራ መንግሥት የማተሚያ መኪናው ቀላሉ መንገድ ሆነ።

በጃንዋሪ 1923 ፈረንሳይና ቤልጂክ የካሣው ከሰልና እንጨት አልደረሰንም በማለት የሩርን የኢንዱስትሪ ክልል ያዙ። የጀርመን መንግሥት ሠራተኛው ሥራ እንዲያቆም ጠራ፤ የሥራ ፈቱንም ደመወዝ በሚታተም ወረቀት ከፈለ። በ1914 አንድ የአሜሪካ ዶላር 4.2 ማርክ ነበር፤ በኖቬምበር 1923 ግን 4.2 ትሪሊዮን ማርክ ደረሰ። ደመወዝተኛው ገንዘቡን እንደተቀበለ ወደ ገበያ ይሮጥ ጀመር፤ ሲመሽ ዋጋው ሌላ ነውና።

በዚያው ወር አዲሱ ሬንተንማርክ ወጣ። አንዱ በአንድ ትሪሊዮን የወረቀት ማርክ ተመነዘረ። የገበያው እሳት በረደ። ሒሳብ ሲሠራ ግን 154 ቢሊዮን ማርክ የነበረው የመንግሥት የጦርነት ዕዳ በጦርነቱ ዋዜማ ገንዘብ 15 ፕፌኒግ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ፕፌኒግ የማርክ መቶኛ ነው።

እንግዲህ አትራፊው ይኸው ነው፤ ከሁሉ በፊት ባለዕዳው መንግሥት። ከዚያም ቤቱንና እርሻውን ያስያዘው ተበዳሪ፣ ተበድሮ ፋብሪካ ይገዛ የነበረው እንደ ሁጎ ስቲነስ ያለው ከበርቴ። የከሰረው ቆጣቢው ነው። የተማመኑበት ፈረስ ይጥላል በደንደስ እንዲሉ፣ ለአገሩ ያበደረው ሰው ካላበደረው ይበልጥ ተጎዳ። በ1925 በወጣው ሕግ ቤትና መሬት ተይዞለት ያበደረ ከወርቅ ዋጋው 25 በመቶ ሲታሰብለት፣ የመንግሥት ቦንድ የያዘው የደረሰው ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነበር።

ሂትለርን ሥልጣን ላይ ያወጣው የ1923 የዋጋ ንረት ነው የሚሉ አሉ። ይህ ግን በቀጥታ አይያያዝም። በዚያው ኖቬምበር በሙኒክ የሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ከሸፈ፤ በ1928 ምርጫም ፓርቲው ያገኘው 2.6 በመቶ ድምፅ ብቻ ነበር። ጉዳቱ በሌላ በኩል ዞሮ መጣ። በ1930 የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ ሲደርስ የቻንስለር ብሩኒንግ መንግሥት የ1923ን መመለስ ከሚፈራ ሕዝብ ጋር ደመወዝና ወጪ እየቀነሰ ቀጠለ፤ ሥራ አጡ በ1932 ወደ 6 ሚሊዮን ደረሰ። በ1923 የተዘረፈው መካከለኛ ቆጣቢ የቀድሞ ፓርቲዎቹን አስቀድሞ ትቷቸው ስለነበር የሚጠብቃቸው አልነበረም። በጁላይ 1932 ናዚዎች 37.3 በመቶ ድምፅ አገኙ።

የቫይማር ሪፐብሊክ ዕዳውን በርካሽ ዘጋ። ያበደሩት ሰዎች ግን ዜጎቹና መራጮቹ ነበሩ፤ ሪፐብሊኩም በክፉ ቀን ሲፈልጋቸው ከጎኑ አላገኛቸውም።