ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ ፍሬ፦ ከውጫሌ እስከ አድዋ



እንግሊዞች «ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ ፍሬ» የሚሉት አባባል አላቸው። ጀርመንኛ ተናጋሪዎችም ወስደውታልና በየመሥሪያ ቤታችሁ ሳትሰሙት አትቀሩም። መሰላል ሳያስፈልግ እጅ ዘርግተው የሚቀጥፉት፣ ማለትም ብዙ ሳይለፉ የሚገኝ ጥቅም ማለት ነው። «መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን እንጨርስ» ለማለት ይጠቀሙበታል፤ ክፋት የለውም። የኛ ሰው ግን ቀላል ጥቅም ሲያይ ቶሎ የሚመጣለት ሌላ ነው፦ «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!» እንግሊዝኛው ፍሬውን ያሳያል፣ አማርኛው ገደሉን።

ልጆቻችን ይህን በታሪክ ቢማሩት አይረሱትም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክና የኢጣሊያ መንግሥት ውጫሌ ላይ ውል ተዋዋሉ። የአማርኛው አንቀጽ 17 ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ከፈለጉ ነው እንግዲህ፤ ካልፈለጉ ይቀራል። ጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ሮምም ይህን ይዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ጥይት ሳይተኮስ፣ በአንድ ግሥ አገር ማግኘት! ከዚህ የበለጠ ዝቅ ያለ ፍሬ ከየት ይመጣል?

ምኒልክ ተቃወሙ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱት። በኋላ የኢጣሊያ ጦር ወደ ትግራይ ገፍቶ አዲግራትንና መቀሌን ሲይዝ ነገሩ አሁንም ቀላል መሰለ። ሳሩ ለምለም ነበር። ገደሉ የታየው አምባላጌ ላይ፣ ቀጥሎም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ነው። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ በተፈረመው ውል የውጫሌው ተሰረዘ፤ ኢጣሊያም የኢትዮጵያን ነፃነት ተቀበለች።

ከፍ ብሎ ስላለው ፍሬ ደግሞ የዚሁ አገር ሰው ይመስክርልን። መሐንዲሱ አልፍሬድ ኢልግ እ.ኤ.አ. በ1854 የተወለደው ከዲቤንዶርፍ ብዙም በማይርቀው ፍራውንፌልድ ነው፤ የተማረው ዙሪክ። በ1879 ምኒልክ ዘንድ ሄደ፣ አማርኛ ለመደ፣ በኋላም አማካሪያቸው ሆነ። የጅቡቲውን ባቡር ሥራ ፈቃድ ከምኒልክ የተቀበለው በ1894 ነበር። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1917 ነው። ኢልግ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ዙሪክ ውስጥ አርፏል። የደከመበትን ሌሎች ተሳፈሩበት።

የኛም የቤት ሥራ ሁለት ዓይነት ነው። «ና፣ ብላ፣ እጅሽን ታጠቢ» ዝቅ ያለው ፍሬ ነው፤ ልጆቹ ሳይደክሙ ይለቅሙታልና ከማዕድ አይጥፋ። ነገር ግን ብዙዎቻችን እዚያው ላይ እንቆማለን። «ይገባዋል እኮ፣ መልሱ ብቻ ነው በጀርመንኛ» እያልን ዓመታት ይነጉዳሉ፤ ገደሉ ያ ነው። ፊደሉ፣ ግሡ፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገሩ ከፍ ካለው ቅርንጫፍ ነው፤ መሰላል ይፈልጋል፣ መሰላሉን የሚይዝ ወላጅም ይፈልጋል።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ሞክሩ። ልጃችሁን «መሄድ ትችላለህ» እና «መሄድ አለብህ» በሚሉት መካከል ያለውን ልዩነት በአማርኛ እንዲያስረዳችሁ ጠይቁት። ከተቸገረ እናንተ አስረዱት፣ ከዚያም የውጫሌን ታሪክ ንገሩት። የሁለት አገር ጠብ የተነሣው በዚያችው ልዩነት ነውና።