ክፉ ልማድን የመመርመር ትውፊት፦ ከግብፅ በረሃ እስከ መጻሕፍተ መነኮሳት

በአራተኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ የሰፈሩት መነኮሳት ቤታቸውንና ንብረታቸውን ትተው ቢወጡም ልማዳቸው አብሯቸው እንደወጣ ብዙም ሳይቆዩ ተረዱ፤ ገበያና ግብዣ በሌለበት በዚያ ስፍራ ስስቱ፣ ምኞቱና ቁጣው በኅሊና ውስጥ ሥራውን አላቆመም ነበርና። ድርጊቱን የሚያስፈጽመው ነገር ሁሉ ስለ ራቀ የድርጊቱ ምንጭ የሆነው ሐሳብ ብቻውን ተነጥሎ ታየ፤ በክርስቲያኑ ምሥራቅ ክፉ ልማድን ከሥሩ የመመርመር ትውፊት ያደገውም ከዚህ ነው።

የትውፊቱ ቀዳሚ ምስክር በ356 እ.ኤ.አ. ያረፈው ቅዱስ እንጦንስ ነው። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ አትናቴዎስ በጻፈው ገድል እንደሚነበበው፣ እንጦንስ እያንዳንዱ መነኩሴ ሥራውንና የነፍሱን እንቅስቃሴ ለሌላው እንደሚናገር ሰው ሆኖ በጽሑፍ እንዲያሰፍር ይመክር ነበር፤ ሰው በሌሎች ፊት ሊያደርገው የሚያፍርበትን ነገር ተጽፎ እንዲነበብም አይፈልግምና፣ ጽሕፈቱ የባልንጀራን ዓይን ይተካል የሚል ነበር ምክንያቱ።

ይህን ምክር ወደ ሥርዓተ ትምህርት የለወጠው ግን ከ345 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ እስከ 399 የኖረው ኤዋግሪዮስ ነው። በጥቁር ባሕር ዳርቻ በምትገኘው በጰንጦስ ተወልዶ፣ ከታላቁ ባስልዮስ የአንባቢነትን፣ ከጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ የዲቁናን ማዕርግ ተቀብሎ፣ በቁስጥንጥንያ በንግግር ችሎታው ስሙ ከገነነ በኋላ፣ ባለትዳር ሴት በመውደዱ ምክንያት ከተማዋን ጥሎ ወደ ኢየሩሳሌም ሸሸ፤ ከዚያም ወደ ግብፅ ወርዶ ኒጥርያና ኬልያ በሚባሉት የመነኮሳት መንደሮች መጻሕፍትን በእጁ እየገለበጠ ዕድሜውን ጨረሰ። ስለ ልማድ የጻፈው ሰው ልማድ ምን ያህል ኃይል እንዳለው በራሱ ሕይወት ያየ ነበር ማለት ነው።

ኤዋግሪዮስ የመነኩሴን ነፍስ የሚያውኩትን ሐሳቦች በስምንት ከፈላቸው፤ እነዚህም ስስት፣ ዝሙት፣ ፍቅረ ንዋይ፣ ሐዘን፣ ቁጣ፣ ሀኬት፣ ውዳሴ ከንቱና ትዕቢት ናቸው። ከክፍፍሉ ይልቅ የሚደነቀው ግን በመቶ አጫጭር ምዕራፎች ባዘጋጀው የተጋድሎ መጽሐፉ ያኖረው መለያ ነው፦ ሐሳቡ መምጣት አለመምጣቱ በሰው እጅ አይደለም፤ መቆየት አለመቆየቱ ግን በሰው እጅ ነው። ጥፋተኝነትን ከመጀመሪያው ግፊት ላይ አንሥቶ ግፊቱን በማስተናገድ ላይ ያኖረው ይህ መለያ፣ በስምንቱ ዝርዝር ላይ ከተጻፈው ሁሉ የሚበልጥ ግኝት ነው፤ ክፉ ሐሳብ ስለ መጣበት ብቻ ራሱን እንደ ተሸናፊ የሚቆጥር ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ ልማዱ ይመለሳልና።

በዚያው መጽሐፍ ኤዋግሪዮስ መነኩሴው ሐሳቦቹን እንዲከታተል ያዘዋል፤ የትኛው በብዛት እንደሚመጣ፣ መቼ እንደሚበረታና መቼ እንደሚደክም፣ የትኛውም የትኛውን ተከትሎ እንደሚገባ ማየት አለበት። ሀኬትን፣ ማለትም ሰውን ከያዘው ሥራና ከተቀመጠበት ስፍራ የሚያስጠላውን የነፍስ ድካም፣ የገለጸበት መንገድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ ሐሳብ ከአራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ መጥቶ፣ ፀሐይ የቆመች ያህል ቀኑን ያረዝመዋል፤ መነኩሴው ወደ መስኮቱ ደጋግሞ ይመለከታል፣ ዘጠኝ ሰዓት መድረሱን ለማየት ይወጣል፣ በዓቱንና የእጁን ሥራ ይጠላል፣ ዘመዶቹን ያስባል። የዚያ ዘመን የሰዓት አቆጣጠር ከኢትዮጵያው ጋር አንድ በመሆኑና ጾሙም እስከ ዘጠኝ ሰዓት በመሆኑ፣ ኢትዮጵያዊው አንባቢ ይህን ምዕራፍ ያለ ማስታወሻ ይረዳዋል።

መድኃኒቱም እንደ ሕመሙ ይለያያል። ለሚባዝን ልብ ንባብ፣ ትጋህና ጸሎት፣ ለጋለ ምኞት ረኀብ፣ ድካምና ብሕትውና፣ ለቁጣ መዝሙር፣ ትዕግሥትና ምጽዋት ታዝዟል፤ ሁሉም በጊዜውና በልኩ እንዲሆን ተጠንቅቋል። ለእያንዳንዱ ሐሳብ መልስ የሚሆኑ 500 የሚጠጉ የቅዱሳት መጻሕፍት ጥቅሶችንም በስምንት ክፍል ሰብስቧል፤ ሐሳቡ በመጣ ጊዜ መልሱ ቀድሞ የተዘጋጀ እንዲሆን ነው።

መነኩሴው ዮሐንስ ካስያን ወደ ምዕራብ የወሰደው የስምንቱ ሐሳቦች ዝርዝር በሮሙ ሊቀ ጳጳስ በጎርጎርዮስ (590–604) እጅ ወደ ሰባት ተቀንሶ፣ ትዕቢት የሁሉም ሥር ተብሎ ለብቻው ተለይቶ፣ ሀኬት ወጥቶ ቅናት ገብቶበት፣ ከራስ ምልከታ መሣሪያነት ይልቅ የኃጢአት መዝገብ ወደ መሆን አዘነበለ። የኤዋግሪዮስ ስም ግን በ553 በቁስጥንጥንያ ጉባኤ ተወገዘ፤ በግሪክኛ ከሥራዎቹ ገሚሱ በሌላ ሰው ስም ሲተርፍ፣ በሱርስት (በጥንቱ የሶርያ ቋንቋ) ግን በስሙ መነበቡን ቀጠለ።

ከሱርስት አንባቢዎቹ አንዱ በሰባተኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ማር ይስሐቅ ነው። የትውልድ አገሩ ቤተ ቀጣራዬ፣ ማለትም ዛሬ ኳታር የምትባለውን አገር ጨምሮ የፋርስ ባሕረ ሰላጤ ምዕራባዊ ዳርቻ ሲሆን፣ የነነዌ ጳጳስ ሆኖ ተሹሞ ከአምስት ወር በኋላ ሹመቱን ትቶ ወደ ብሕትውና ተመለሰ። በትምህርቱ ልማድን ከጠላት አብልጦ መፍራት እንደሚገባ አስተምሯል፤ ልማድ የለመደውን ሲጠይቅ አንድ ጊዜ ከተከለከለ በሚቀጥለው ጊዜ ደክሞ ይመጣል፣ አንድ ጊዜ ከተፈቀደለት ግን እንጨት እንደ ተጨመረበት እሳት በርትቶ ይመለሳል። ኤዋግሪዮስ ሐሳቡን በመነሻው ሲመረምር፣ ይስሐቅ በድግግሞሽ የሚያገኘውን ኃይል መዘነ፤ ሁለቱ ሲጣመሩ ትምህርቱ ሙሉ ይሆናል።

የማር ይስሐቅ ድርሳን፣ የግብፅ አባቶችን ታሪክ በጥያቄና መልስ የሚያብራራው ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ የተባሉት መጻሕፍት ከሱርስት ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛም ወደ ግእዝ ተተርጉመው በኢትዮጵያ መጻሕፍተ መነኮሳት ተባሉ። በአብነት ትምህርት ቤትም ከብሉያት፣ ከሐዲሳትና ከሊቃውንት ቀጥሎ አራተኛ ጉባኤ ሆነው፣ በመምህራን ቃል የዳበረ የአማርኛ አንድምታ ማለትም ዘርፈ ብዙ ትርጓሜ አገኙ። ሰውን በውስጥ የሚዋጋውን ግፊት መነኮሳቱ ጾር ይሉታል፤ ኃጢአትን በሐልዮ፣ በነቢብና በገቢር፣ ማለትም በማሰብ፣ በመናገርና በማድረግ የሚከፍለው የቤተ ክርስቲያን ትምህርትም ልማድ በድርጊት ከመገለጡ በፊት በሐሳብ ደረጃ እንዲያዝ ይረዳል። በረሃው ሐሳብን ለሽማግሌ መግለጥን እንዳዘዘ ሁሉ፣ በኢትዮጵያም ምእመኑ የንስሐ አባት ይይዛል፤ ቀኖና የሚባለው የጾም፣ የጸሎት፣ የስግደትና የምጽዋት ትእዛዝም እንደ ሰውየው ሁኔታና ዐቅም ይመዘናል።

ሆኖም መጻሕፍቱ የመነኮሳት ብቻ ናቸው የሚለው አመለካከት ከምእመኑ አርቋቸዋል፤ አንድምታውም ለጉባኤ ተማሪ እንጂ ለተራ አንባቢ አልተዘጋጀም። ከቁጣው፣ ከመጠጡ ወይም ከሀኬቱ ጋር የሚታገል ሰው በገዛ አገሩ መጻሕፍት ውስጥ የተቀመጠለትን እርዳታ ሳያውቀው መቅረቱ እጅግ የሚያሳዝን ነው። የጉባኤው መምህራንና አሳታሚዎች ተባብረው እነዚህን መጻሕፍት ለምእመኑ በሚገባ አማርኛ፣ ከታሪካቸው ማብራሪያ ጋር ሊያቀርቧቸው ይገባል።