ይድነቃቸው ተሰማ፦ ከአራዳ ሜዳ እስከ አፍሪካ ሸንጎ

በሬዲዮ የሰማችሁትን ንግግር ይኸው አሁን በጽሑፍ ይዛችሁታል። ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ረጅም ቃል ሲያጋጥማችሁ በጣታችሁ እየተከተላችሁ ፊደል በፊደል ሂዱ፤ ይገባችኋል።

ልጆቻችሁ ጨርቅ ጠቅልለው፣ በገመድ አስረው ኳስ ሲጫወቱ አይታችኋል። ኳሷ ገደል ስትገባ ሊያወጧት ሲወርዱ፣ ከብቱ ደግሞ ማሳ ሲገባ፣ «ምን ዓይነት ሥራ ፈትነት ነው!» ብላችሁ ተቆጥታችሁ ይሆናል። እውነትም ያስቆጣል። ዛሬ ግን ከኳስ ሜዳ ተነሥተው ለአፍሪካ ክብር ስለቆሙ አንድ ኢትዮጵያዊ እንነግራችኋለን። ስማቸው ይድነቃቸው ተሰማ ይባላል።

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት በጅማ፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ የታወቁ ሰው ነበሩ። ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሳቸው ናቸው ይባላል። የልጃቸው ልብ ግን ከኳስ ላይ ነበር። በ1928 ዓ.ም. የአራዳ ልጆች የቅዱስ ጊዮርጊስን ቡድን ሲያቋቁሙ፣ ይድነቃቸው ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። በዚያው ቡድን ገቡ።

1928 ዓ.ም. ምን ዓመት እንደነበረ ከአባቶቻችሁ ሰምታችኋል። ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን የወረረበት ዓመት ነው። ወራሪው አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ በኳስ ሜዳም ሰውን በቆዳው ለየ። ነጭ ከነጭ፣ ጥቁር ከጥቁር ጋር ይጫወት እንጂ አንድ ላይ አይግጠም አለ። ለምን ይመስላችኋል? በኳስ ሜዳ ዘር አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው ጎል ነው። ጥቁር ነጭን በአደባባይ ቢያሸንፍ፣ «ነጭ የበላይ ነው» የሚለው ወሬ የት ሊገባ ነው?

በ1933 ዓ.ም. ጠላት ተባረረ። በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲደረግ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከጣሊያኖች፣ ከአርመኖች፣ ከግሪኮችና ከእንግሊዝ ወታደሮች ቡድን ጋር በአንድ ውድድር ተሰለፈ። ዋንጫውን እንግሊዞች ወሰዱት። ቢሆንም ጥቁርና ነጭ በአንድ ዳኛ፣ በአንድ ደንብ ገጠሙ።

አቶ ይድነቃቸው እስከ 1950 ዓ.ም. ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫወቱ። እስቲ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አንብቡ፦ 365 እና 318። የመጀመሪያው የተሰለፉበት ጨዋታ ብዛት ነው። ሁለተኛው ያገቡት ጎል ነው። ቀንሱና እዩት፤ ልዩነቱ 47 ብቻ ነው። ለብሔራዊ ቡድናችንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በ1949 ዓ.ም. የኢትዮጵያ፣ የግብፅ፣ የሱዳንና የደቡብ አፍሪካ ሰዎች ካርቱም ላይ ተሰብስበው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መሠረቱ። ኮንፌዴሬሽን ማለት እዚህ ላይ የብዙ አገሮች ማኅበር ማለት ነው። አቶ ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም እዚያው ካርቱም ሊደረግ ሆነ።

በዚያን ጊዜ ደቡብ አፍሪካን የሚገዙት ነጮች ነበሩ። አፓርታይድ በሚሉት ሕግ ጥቁሩን በገዛ አገሩ ባይተዋር አድርገውት ነበር። ታዲያ ምን አሉ መሰላችሁ? «ወይ ነጮችን ብቻ፣ ወይ ጥቁሮችን ብቻ እንልካለን፤ የተቀላቀለ ቡድን ግን አንልክም» አሉ። አቶ ይድነቃቸው ይህን ነገር ያውቁታል። በወጣትነታቸው በጣሊያን ዘመን በዓይናቸው አይተውታል። ሦስቱ አገሮች በአንድ ቃል እንቢ አሉ። ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ወጣች።

ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ልትገጥም ነበርና ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ ደረሰች። በፍጻሜው ግን ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን። ሽንፈቱ መራራ ነበር።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ሁለቱ አገሮች አዲስ አበባ ላይ እንደገና ለዋንጫ ተገናኙ። የእኛን ቡድን በአሠልጣኝነት የመሩት አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ግብፅ ሁለት ጊዜ ቀደመች፤ ሁለት ጊዜ ደረስንባት። መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አለቀ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ አንድ፣ መንግሥቱ ወርቁ አንድ አገቡ። 4 ለ 2! አፄ ኃይለ ሥላሴ ዋንጫውን ለአምበሉ ለሉቻኖ ቫሳሎ ሰጡት። ሉቻኖ አሥመራ ላይ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ ነው። ለኢትዮጵያ ቡድን ግን ዘሩ አላገደውም። ጠላት በ1928 የከለከለውን አንድነት ሕዝቡ በ1954 በሜዳው አየው።

ከዚያ በኋላ ትግሉ በስብሰባ አዳራሽ ሆነ። በ1958 ዓ.ም. እንግሊዝ ውስጥ ለተደረገው የዓለም ዋንጫ 16 ቡድን ሲጠራ፣ ለአፍሪካ ለብቻዋ አንድ ቦታ እንኳ አልተሰጣትም ነበር። የአፍሪካ አገሮች «እንግዲያውስ አንመጣም» ብለው ቀሩ። አቶ ይድነቃቸውም ከጋናዎች ጋር ሆነው ለዚህ ተሟገቱ። እንቢታው ፍሬ አፈራ፤ ከ1962ቱ ውድድር ጀምሮ አፍሪካ የራሷ ቦታ አገኘች።

በ1964 ዓ.ም. አቶ ይድነቃቸው የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኑ። የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን የአፓርታይድን ደቡብ አፍሪካ እንዲያስወጣ ሳይታክቱ ተከራከሩ። በ1968 ዓ.ም. ጨርሶ አስወጣት።

አቶ ይድነቃቸው ያረፉት በቡሄ ዕለት፣ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ነው። እስከዚያች ቀን ፕሬዚዳንት ነበሩ። አፓርታይድ ሲወድቅ ግን አላዩም። በ1984 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ወደ ማኅበሩ ተመለሰች። በ1988 ዓ.ም. ጥቁሩም ነጩም የተሰለፈበት ቡድኗ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር ሲደረግ፣ ያስተናገደችው ያችው ደቡብ አፍሪካ ናት። ዘሩን የዘራ ሁሉ አዝመራውን አያይም፤ ይህን ገበሬ ያውቀዋል።

እንግዲህ ነገ ልጃችሁ የጨርቅ ኳሷን ይዞ ሲወጣ፣ ከብቱን እንዳይረሳ ንገሩት። ይድነቃቸው ተሰማ ማን እንደነበሩም ይህን ገጽ ከፍታችሁ አንብቡለት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ወራሪው ጣሊያን ጥቁርና ነጭ አብረው እንዳይጫወቱ የከለከለው ለምን ይመስላችኋል?
2. በ1949 ዓ.ም. ሦስቱ አገሮች እንቢ ባይሉ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?
3. በአካባቢያችሁ ዘርቶ አዝመራውን ሳያይ ያለፈ ሰው ታውቃላችሁ? ስሙን ጻፉ።