ከታይፕ ቤት እስከ መውጫ ፈተና፦ ኮምፒውተር በሻሸመኔ

በሻሸመኔ ከኮምፒውተር በፊት ታይፕ ነበር። ከአዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ይህች ከተማ የሐዋሳ፣ የአላባና የወላይታ ሶዶ፣ የኮፈሌና የባሌ መንገዶች የሚገናኙባት ናት። መንገድ የሚገናኝበት ቦታ ጉዳይ ይበዛል፤ ጉዳይ ያለው ሰው ደግሞ ማመልከቻ ያስጽፋል። የመሬት ክርክር፣ የውርስ አቤቱታ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የመኪና ሽያጭ፣ ሁሉም በቃል እየተነገረ በታይፕ ይወጣ ነበር። ዛሬ በኮምፒውተር ሳይንስና በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዲግሪ ለመያዝ የሚማረው የሻሸመኔ ወጣት ቀዳሚዎቹን መፈለግ ካለበት፣ መጀመሪያ ሊያያቸው የሚገባው እነዚያን የታይፕ ጸሐፊዎች ነው ብዬ አምናለሁ።

የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ራሱ ትልቅ የምህንድስና ሥራ ነበር። ኢንጂነር አያና ብሩን ከመሰሉ ሰዎች ፊት የነበረው ችግር ግልጽ ነው፤ ለላቲን ፊደል በተሠራ መኪና ላይ ከሁለት መቶ የሚበልጡ ፊደላት እንዴት ይስፈሩ? መፍትሔው ፊደሉን መክፈል ሆነ። አካሉ በአንድ ቁልፍ፣ ቅጥያው በሌላ። ጸሐፊዋ ካዕብም ሆነ ሣልስ ስትጽፍ ሁለቴ መምታት ነበረባት። ኮምፕሬሄንሲቭ በሚባሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የንግድ ሥራ ትምህርት የተማሩ ልጆች ይህን ሙያ ይዘው ወጡ፤ ከፊሎቹ መሥሪያ ቤት ገቡ፣ ከፊሎቹ ከፍርድ ቤትና ከማዘጋጃ ቤት አጠገብ ትንሽ ክፍል ተከራዩ።

ኮምፒውተር ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች ሲመጣ የገባው በእነዚሁ ቤቶች በር ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ በየከተማው የተከፈቱት ማሠልጠኛዎች የሚያስተምሩት ዶስ፣ ወርድፐርፌክት፣ ሎተስና ዲቤዝ ነበር፤ ቆይቶ ዊንዶውስ፣ ወርድና ኤክሴል ሆነ። "ቤዚክ ኮምፒውተር" ተምሮ ሰርተፊኬት የያዘ ሰው ሥራ ፍለጋ ሲወጣ ያችን ወረቀት ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቱ ጋር አያይዞ ያቀርብ ነበር።

ለአማርኛ ጽሑፍ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ መጡ። እዚህ ላይ ጸሐፊዎቹ ማንም ሳያስተምራቸው አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ቀሰሙ። በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈው ሰነድ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል፤ እያንዳንዱ ሶፍትዌር ለፊደላቱ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር ነው። ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች የደከሙበት የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲካተት ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ዓለም አቀፍ ቁጥር ተገኘለት። ሆኖም አሮጌዎቹ ፎንቶች በየመሥሪያ ቤቱ ለብዙ ዓመታት ቆዩ። ሻሸመኔ ደግሞ ሁለት ጽሕፈት ያላት ከተማ ናት። አፋን ኦሮሞ በቁቤ መጻፍ በይፋ ከተወሰነበት ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የፍርድ ቤቱና የአስተዳደሩ ሰነድ በላቲን ፊደል ይጻፋል። ለቁቤ ልዩ ሶፍትዌር አያስፈልግም፤ ከፋብሪካ በመጣው ኪቦርድ እንዳለ ይጻፋል። ስለዚህ የሻሸመኔ ጸሐፊ በአንድ ጠረጴዛ ላይ በሁለት የጽሕፈት ሥርዓት ትሠራለች፤ አንዱ ከማሽኑ ጋር ወዲያው የተስማማ፣ ሌላው ብዙ የተደከመለት።

የከፍተኛ ትምህርቱ ታሪክ ከአዲስ አበባ ይጀምራል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 በዩኔስኮና በካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ ተቋቋመ። ኢንተርኔት ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በጥር 1997 ነው፤ በዚያው ዓመት ሂልኮ የኮምፒውተር ሳይንስና ቴክኖሎጂ ትምህርት ቤትም ሥራ ጀመረ። የሻሸመኔ ልጅ ለዚህ ሁሉ ወደ ሰሜን መጓዝ ነበረበት። በሚያዝያ 1992 ዓ.ም. የሐዋሳው የግብርና ኮሌጅ፣ የወንዶ ገነቱ የደን ኮሌጅና የዲላው ኮሌጅ ተዋሕደው ደቡብ ዩኒቨርሲቲ፣ የዛሬው ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ፣ ሲመሠረት ዩኒቨርሲቲ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ቀረበ። በአዳማም የቴክኒክ ኮሌጁ በ1998 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት ከመቶ ተማሪ ሰባው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ ሲል ብዙ ወጣቶች ኮምፒውተር ነክተው ሳያውቁ ኮምፒውተር ሳይንስ ተመደቡ።

"ነክተው ሳያውቁ" የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ተሰቅሎ በሳተላይት ትምህርት ሲሰራጭ ለብዙ ተማሪ የመጀመሪያው የቴክኖሎጂ ትዝታ ያ ስክሪን ሆነ። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ ያልፋል፤ ሥርጭቱ ለጥያቄ አይቆምም። ተማሪው ያያል እንጂ አይነካም። እንዲህ ያደገ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በመጀመሪያው ሴሚስተር ሲ ፕላስ ፕላስ ሲሰጠው፣ ፕሮግራሙን በደብተር ላይ በእስክርቢቶ ጽፎ እስኪያጠና ድረስ ይቸገር ነበር።

ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ያልመጣለት፣ ወይም ሥራና ቤተሰብ ይዞ ከተማውን መልቀቅ የማይችለው ወደ ቴክኒክና ሙያ ወይም ወደ ግል ኮሌጅ ሄደ። በመጀመሪያ 10+1፣ 10+2፣ 10+3 ይባል የነበረው በኋላ በደረጃ ተተካ፤ "ሃርድዌርና ኔትወርክ ሰርቪስ"፣ "ዳታቤዝ አድሚኒስትሬሽን" የሚሉ ስሞች መጡ፣ ከእነሱም ጋር ሲኦሲ የሚባለው የሙያ ብቃት ምዘና። ከአዳማ ተነስቶ ቅርንጫፍ ያበዛውን ሪፍት ቫሊን የመሳሰሉ የግል ተቋማት የዲግሪ ትምህርትን ወደ ስምጥ ሸለቆ ከተሞች አወረዱ። በማታውና በቅዳሜ እሑዱ ክፍል መምህሩ፣ የቀበሌ ሠራተኛው፣ ሱቅ ጠባቂው፣ ከኮፈሌ በኩል የድንች ገንዘብ እየተላከላት የምትማረው ልጅ አብረው ይቀመጣሉ። እነዚህን ተማሪዎች ዝቅ አድርጎ ማየት ትልቅ በደል ነው። ቀን ሠርተው፣ ከኪሳቸው ከፍለው፣ መብራት ባለበት ሰዓት ተሯሩጠው የተማሩ ሰዎች ናቸው።

የትምህርቱ ዋና ሥራ የሚታየው በመጨረሻው ዓመት ነው። ተማሪዎቹ አራትና አምስት ሆነው ይቧደኑና አንድ መሥሪያ ቤት ይመርጣሉ። ሆስፒታሉ የካርድ ክፍል አለው፤ ሆቴሉ የአልጋ መዝገብ፤ ቀበሌው የነዋሪ ቅጽ። ሄደው ይጠይቃሉ፣ ቅጹን ፎቶ ያነሳሉ፣ "ነባሩ አሠራር" የሚል ምዕራፍ ይጽፋሉ፤ ፋይል ይጠፋል፣ አንድ ሰው ሁለቴ ይመዘገባል፣ ባለጉዳይ ይመላለሳል። ከዚያ በፒኤችፒና በማይኤስኪውኤል አዲሱን ሥርዓት ይሠራሉ። የነዋሪዎች መታወቂያ አሰጣጥ ሥርዓት በየኮሌጁ ስንት ጊዜ እንደተሠራ ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ሥራው በመምህራን ፊት ቀርቦ ይጠየቅበታል፣ ውጤት ይሰጠዋል፣ በሲዲና በጥራዝ ተቀምጦ ይቀራል። ወደ ቀበሌው የተመለሰው ጥቂት ነው። ሰርቨር የለም፣ በጀት የለም፣ ከምረቃ በኋላ የሚጠግነውም የለም። እዚህ ላይ ተጠያቂው ተማሪው አይደለም። ማመልከቻ ስታስጽፍ የኖረች ከተማ ችግሯን በትክክል ነግራቸው ነበር፤ መልሳቸውን የሚረከብ ግን አልተዘጋጀም።

ሰኔ 2012 ዓ.ም.ን መዝለል አይቻልም። ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ሻሸመኔ ክፉኛ ከተጎዱት ከተሞች አንዷ ሆነች፤ ሰው ሞተ፣ ሆቴሎችና የንግድ ቤቶች ተቃጠሉ። ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተዘጋ። ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆች ከመጋቢት ጀምሮ በኮሮና ምክንያት በር ዘግተው ስለነበር፣ ከቤቱ ሆኖ ለመማር ይሞክር የነበረው የኮምፒውተር ተማሪ የቀረችውንም መስመር አጣ።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የመጀመሪያው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ተሰጠ። ማለፊያው ከመቶ 50፤ ፈተናው በኮምፒውተር፤ ያላለፈ ዲግሪውን አይቀበልም። ከመንግሥት ተቋማት መደበኛ ተማሪዎች 62 በመቶ ገደማ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ነበሩ። ቁጥሩ ያማል፤ መደበቅም የለበትም። ብዙ ቤተሰብ ለዓመታት የከፈለበት ትምህርት በቂ ቤተ ሙከራና በቂ መምህር እንዳልነበረው ፈተናው በአደባባይ አሳየ። ግን ይኸው ፈተና ለኮምፒውተር ተማሪ የሚለካው የመረጃ መዋቅርን፣ ኮምፓይለርን፣ ኔትወርክን የመሳሰለውን ዕውቀት ነው። የተሰበረ ስልክ ከፍቶ የሚጠግነው፣ በአሮጌ ፎንት የተጻፈ የአማርኛ ሰነድ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይረው፣ ለገበሬው የባንክ መተግበሪያ የሚያስጀምረው እጅ በየትኛውም መዝገብ አልተቆጠረም። ሁለቱም መቆጠር አለባቸው ባይ ነኝ።

በዚያው 2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ወጣ፤ ፋይዳ ለተባለው ብሔራዊ መታወቂያ ሕግ ተበጀለት። ፋይዳ የቆመው በሕንድ ባንጋሎር በሚገኝ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም በተጀመረው ሞሲፕ በተባለ ሶፍትዌር ላይ ነው። ሞሲፕ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ በአብዛኛው የተጻፈው ደግሞ ተማሪዎቻችን በክፍል በሚማሩት በጃቫ ነው። የቀበሌ መታወቂያ ፕሮጀክት የሠራ የሻሸመኔ ተመራቂ ዛሬ ያን ኮድ አውርዶ፣ አንድ ሰው ሁለቴ እንዳይመዘገብ የሚደረገው ማጣራት በሥርዓቱ ውስጥ እንዴት እንደሚመራ መስመር በመስመር ማንበብ ይችላል።