ከረሪ፦ ጠመንጃ የነበራቸው ሰዎች

ወገኖቼ፣ ካርቱም ለኖራችሁ ከረሪ አዲስ ስም አይደለም፤ ከኦምዱርማን በስተሰሜን ነው። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ከ9 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 2 ቀን 1898፣ የደርቡሽ ጦር እዚያ አለቀ።

ደርቡሾች ጠመንጃ አልቸገራቸውም። በ1883 ከሂክስ ጦር የማረኩት ሬሚንግተን ነበራቸው፤ በዘመኑ ከሩቅ የሚመታ መሣሪያ ነው። ጥይቱን ግን ኦምዱርማን ውስጥ በደካማ ባሩድ ይሞሉት ነበር፤ እሩቅ አይሄድም፣ ኢላማም አይጠብቅም። እንግሊዞች ጭስ አልባ ጥይት በሚተኩሰው ሊ-ሜትፎርድ፣ በመድፍና በመትረየስ ገና ሳይጠጓቸው አጨዷቸው። በአንድ ቀን ከደርቡሽ 10,000 ገደማ ሰው ሞተ፤ ከወዲያኛው ወገን 50 ገደማ።

ዛሬም በዚህ ጦርነት መሀል "ጠመንጃ ያዝ፣ ትድናለህ" የሚል ደላላ ሲመጣ ከረሪን አስታውሱ። እነሱም ጠመንጃ ነበራቸው።