«ራንደም ቫሪያብል» በአማርኛ፤ ከ«ዘፈቀደ» ወደ «ዕጣ»

በሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ ትምህርት «ራንደም ቫሪያብል» የሚባለውን ጽንሰ ሐሳብ ወደ አማርኛ ለሚመልስ ሰው አስቀድሞ ወደ አፉ የሚመጣው «በዘፈቀደ» የሚለው ቃል ነው። ይህን ከመቀበል በፊት የእንግሊዝኛው ስያሜ ራሱ እንዴት እንደ ጸና ማስተዋል ይገባል። ዊልያም ፌለርና ጆሴፍ ዱብ እ.ኤ.አ. በ1950 እና በ1953 የታተሙትን መጻሕፍታቸውን ሲያዘጋጁ፣ ፌለር «ራንደም ቫሪያብል»፣ ዱብ ደግሞ «ቻንስ ቫሪያብል» ይባል በማለት ተከራከሩ። ዱብ እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣ ቃለ ምልልስ እንደ ገለጸው፣ ነገሩን የጨረሱት በዕጣ ነበር፤ ፌለርም ረታ።

ሌሎች ቋንቋዎች በየራሳቸው መንገድ ሄደዋል። ፈረንሳይኛው ስያሜውን ያገኘው «አሌያ» ከተባለው የላቲን የዕድል ጨዋታ ስም ነው። ዐረብኛው «ዐሽዋኢ» ይላል፤ ሥሩም በዳፍንት እየተደናበረች ያገኘችውን የምትረግጥ ግመል ናት። (ለሴማዊ ቋንቋዎች አጥኚ ከዚህ የጣፈጠ ሥርወ ቃል አይገኝም።) ሩሲያኛው «የአጋጣሚ መጠን» ብሎ ያልፋል።

የእኛው «ዘፈቀደ» ከግእዝ «ዘ» እና «ፈቀደ» የተሠራ ሲሆን፣ ፍችው «የወደደውን» ማለት ነው። በዘፈቀደ የሚሠራ ሹም እንደ ፈቃዱ የሚሠራ ሹም ነው። የተወረወረ ሳንቲም ግን ፈቃድ የለውም። ስለዚህ ቃሉ ሊያስወግደው የሚገባውን ሐሳብ ይዞ ይገባል። «ዕጣ» በአንጻሩ ፈቃድን መተው ነው። ሆኖም የዕቁብ ዕጣ ለሁሉ እኩል በመሆኑ፣ ተማሪው መጠኖቹ ሁሉ እኩል ዕድል ያላቸው ይመስለው ይሆናል። ሁለት ሳንቲም ወርውረን የወጣውን ዘውድ ብንቆጥር 0፣ 1 ወይም 2 እናገኛለን፤ ዕድላቸው ግን 1/4፣ 1/2 እና 1/4 ነው። እኩል የሆኑት አራቱ አወራረዶች ናቸው እንጂ ከእነርሱ የተቆጠረው መጠን አይደለም።

ኮልሞጎሮቭ እ.ኤ.አ. በ1933 በጀርመንኛ ባሳተመው መጽሐፍ ጽንሰ ሐሳቡን ለእያንዳንዱ ውጤት ቍጥር የሚሰጥ ፈንክሽን አድርጎ ደነገገው፤ የተጠቀመበትም ስም «መጠን» እንጂ «ተለዋዋጭ» አልነበረም። በመሆኑም «ዕጣዊ መጠን» የሚለውን እመርጣለሁ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የሚማረው ተማሪ «ተለዋዋጭ» ቢባልለት ይቀለዋል የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተቃውሞው ቀላል አይደለም።

ለ«ዲስትሪቢዩሽን» «ስርጭት» የተባለው የወሬን መዛመት ያስታውሳል፤ እዚህ የሚፈለገው ግን ድምሩ 1 የሆነ ዕድል ለየመጠኑ መደልደሉ ነው። «ድልድል» ይሻል ነበር፤ ይሁን እንጂ «ስርጭት» በስታቲስቲክስ ሥር ስለ ሰደደ አሁን መንቀሉ አይበጅም።