ቆቅ ወዲያ፣ ካሜራ ወዲህ

«ቆቅ ወዲያ፣ ምዝግዝግ ወዲህ» የሚለው ተረት ዒላማውን ለሳተ ሰው ይነገራል። ዛሬ ካሜራ አንግተው ቆቅ ፍለጋ ለሚወጡ የከተማ ሰዎችም የሚሠራ ይመስለኛል።

ቆቅ መሬት ጭሮ የሚበላ፣ ጎጆውንም መሬት ላይ የሚሠራ፣ ከመብረር ይልቅ መሮጥ የሚቀናው ወፍ ነው። በአገራችን ካሉት የቆቅ ዓይነቶች አንዱ፣ «የሀርውድ ቆቅ» የሚባለው፣ ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኝም። በሳይንስ ዓለም የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። የሚኖረው በዓባይና በገባሮቹ ሸለቆዎች ሲሆን፣ ለአዲስ አበባ ሰው የሚቀርበው በሙከ ጡሪ በኩል ወደ ዓለም ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የጀማ ሸለቆ ነው። ከመነሳት በፊት ግን የአካባቢውን ፀጥታ ማጣራት ያስፈልጋል።

መለያው በዐይኑ ዙሪያ ያለው ቀይ ቆዳና የዓሣ ቅርፊት የመሰለው ደረቱ ነው። በደብረ ሊባኖስ ገደል የሚታየው ትልቁ ቆቅ ሌላ ዓይነት ነው፤ እሱ ግንባሩ ጥቁር፣ አናቱ ቀላ ያለ ቡናማ ነው።

ለማየት የሚሻለው ጊዜ ማለዳና አመሻሽ ነው። መጀመሪያ ድምፁን ማዳመጥ፣ ከዚያ ሳይንቀሳቀሱ መጠበቅ ይበጃል። ያባረሩት ቆቅ ጀርባውን ብቻ ነው የሚሰጠው። የተቀዳ ድምፅ በስልክ እያሰሙ መጥራትን አልደግፍም፤ ወንዱ ባላንጣ የመጣበት መስሎት መብሉን ይተዋል። ከጎጆዋ የተነሳች እናትም እንቁላሏን ለአውሬ አጋልጣ ትሄዳለች። ማሳ ውስጥ ከመግባት በፊት ደግሞ ገበሬውን ማስፈቀድ ተገቢ ነው።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል። ነገር ግን ቆቅ የሚጠፋው በጥይት ብቻ አይደለም። የሚሸሸግበት ቁጥቋጦ ለማገዶና ለእርሻ ሲመነጠር፣ ማንም ሳይተኩስበት ይጠፋል። የዒላማው መሳት ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ሁላችንም ላባውን አጉልተን እናነሳለን፣ መኖሪያውን ግን ከፎቶው ቆርጠን እንጥላለን።

ስለዚህ ከቅርብ ከተነሳው ፎቶ ቀጥሎ ወፉን ከነቁጥቋጦው፣ ከነማሳው የሚያሳይ አንድ ሰፊ ፎቶ ይነሳ፤ ቀኑና ቦታውም ይጻፍበት። በሕግ ቋንቋ የመጀመሪያው ጌጥ ነው፣ ሁለተኛው ማስረጃ። ከአሥር ዓመት በኋላ ሸለቆው ምን እንደነበረ የሚመሰክረው ሁለተኛው ነው።